የቆመ ፍሪጅና የማይቆም ኪራይ

በዋሽንግተን ከተማና ከእርሷ ጋራ በድልድይና በመንገድ በተያያዙት የሜሪላንድና የቨርጂንያ ሰፈሮች ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወገናችን፣ የኪራይ ውሉን በሚፈርምበት ሰዓት ከግድግዳውና ከጣሪያው ጋራ ሌላም ብዙ ነገር እንደሚከራይ እምብዛም አያስተውለውም፤ ይኸውም የማብሰያው ስቶቭ፣ ፍሪጁ፣ ውሃ የሚያሞቀው በርሜል፣ በጥር ብርድ ቤቱን የሚያሞቀው ሂተር፣ በሐምሌ ሐሩር የሚያቀዘቅዘው ኤሲ፣ ዕድል የቀናው እንደ ሆነም የልብስና የሳሕን ማጠቢያው ሁሉ፣ በየወሩ ከሚከፈለው ገንዘብ ውስጥ ድርሻቸው ተቈጥሮ የገቡ ናቸው። አከራዩ ማስታወቂያ ባወጣ ጊዜ እነዚህን ዕቃዎች ስማቸውን እየጠራ እንደ ጌጥ ይዘረዝራቸዋል፤ ከእነርሱ አንዱ በተበላሸ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ዝርዝር ይረሳና «ያከራየሁህ ቤቱን ነው» የሚል መንፈስ ያለው መልስ ይመጣል። በዚህ መካከል የተከራዩ መብት ምንድር ነው? መብቱስ አለ፣ በሕግም የጸና ነው፤ ነገር ግን ሕጉ የሚደርሰው በሥርዐቱ ለጠየቀ ተከራይ ሲሆን፣ ከወገናችን ብዙው ሰው የሚያደርገው ወይ ዝም ብሎ መቻል ወይ ደግሞ ተቈጥቶ ኪራይ መያዝ ስለ ሆነ፣ በሁለቱም መንገድ የያዘውን መብት በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ፍሪጁን እንውሰድ። ፍሪጅ እንደ አምፖል በአንድ ጊዜ ጠፍቶ አያርፍም፤ በመጀመሪያ በበሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ዕረፍት ሳያገኝ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጎራጉር ያድራል፣ ከዚያም ላይኛው በረዶ ቤት ደኅና መስሎ ሳለ የታችኛው ክፍል ይሞቃል፤ የቤቱ እመቤትም ይህን የምታውቀው ለልጇ ያስቀመጠችው ወተት ከቀኑ በፊት ሲረጋ፣ ለሳምንት ብላ የሠራችውም ወጥ በሁለተኛው ቀን ሲሸት ነው። የምግብ ጥበቃ ሊቃውንት የፍሪጅ ውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ፋራናይት እንዳይበልጥ ያዝዛሉ፤ ስለዚህ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ቴርሞሜትር በመደርደሪያው ላይ አኑሮ የሚያሳየውን ቁጥር ከነቀኑ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ በኋላ በዳኛ ፊት ከብዙ ንግግር ይልቅ የሚረዳ ማስረጃ ነው። የሕንጻው ጥገና ሠራተኛ በተጠራ ጊዜ መጥቶ ፍሪጁን ከግድግዳው ይስበዋል፣ ከበስተኋላ ያለውን አቧራ ይጠርጋል፣ ገመዱን ነቅሎ ይሰካዋል፣ «ኦኬ ነው» ብሎም ይሄዳል፤ ፍሪጁ ሁለት ቀን ሠርቶ እንደገና ይቆማል። እንዲህ ሲመላለስ ወሩ ያልቅና ተከራዩ «ፍሪጁን ሳይሠሩ አንዲት ሳንቲም አልከፍልም» ብሎ ይምላል፤ ምሎም ይይዛል።

ከዚያ በፊት ከሳሽ ለመሆን የሚበቃው ሰው በዚያች ቀን ለተከሳሽነት ይመቻቻል። አከራዩ ስለ ፍሪጁ አንድ ቃል ሳያነሣ «ኪራይ አልከፈለኝም» ብሎ ብቻ ይከሰዋል፤ ተከራዩም የመጥሪያውን ወረቀት ባለመረዳት ወይም ከሥራ ለመቅረት ባለመቻል በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ይቀራል፤ ዳኛውም ባልቀረበው ተከሳሽ ላይ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ተከራዩን ከቤት ከማስወጣቱ ሌላ በመዝገብ ተጽፎ ስለሚቀር፣ ሰውየው ሌላ አፓርትመንት በጠየቀ ቍጥር ስሙን ተከትሎ ይሄዳል። በዳኛው ጠረጴዛ ላይ የፍሪጁ ነገር ከነመፈጠሩም አልታወቀም፤ ይህም የሆነው የሚነግርለት ስለ ጠፋ ነው።

ይሁን እንጂ ተከራዩ ያደረበት ስሜት፣ ማለት «ያላገኘሁትን ነገር ዋጋ ለምን እከፍላለሁ» የሚለው፣ ከርትዕ የራቀ አይደለም። እንዲያውም ይኸው ስሜት የአሜሪካ ሕግ ሆኖ የተፈረደው ብዙ ወገኖቻችን በሚያውቁት ኮረብታ ላይ፣ ከዩ ስትሪት ወደ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሲወጡ በ13ኛው ጎዳናና በክሊፍተን ስትሪት መገናኛ ላይ በሚገኘው በክሊፍተን ቴራስ ምክንያት ነው። ይህን ሕንጻ በታላቁ የአውሮፓ ጦርነት መባቻ ያሠራው የዋሽንግተን ስመ ጥር ቤት ሠሪ ሃሪ ዋርድማን ሲሆን፣ በመጀመሪያ ለደኅና ገቢ ሰዎች የታሰበ ነበረ፤ በ1960ዎቹ ዓመታት ግን ጥቁር ድኾች የሚኖሩበት፣ አከራዩ ገንዘቡን የሚሰበስብበትና ጥገናውን የተወበት ቤት ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 አከራዩ የሚያዝያን ኪራይ አልከፈሉኝም ብሎ ተከራዮችን ሲከስ፣ እነርሱ ደግሞ ወደ 1,500 የሚጠጋ የቤት ደንብ ጥሰት በሕንጻው ውስጥ እንዳለ ለማስረዳት ተነሡ። የታችኛው ፍርድ ቤት ግን ማስረጃቸውን ለመስማት እንኳ እንቢ አለ፤ ቤቱ ቢፈርስም ባይፈርስም ኪራይ ኪራይ ነው አለ።

ይህ ብያኔ የዳኛው ክፋት አልነበረም፤ የቆየው የእንግሊዝ ሕግ ይህን ያዝዝ ነበር። በዚያ ሕግ ኪራይ ማለት መሬትን ለተወሰነ ዘመን ማስተላለፍ ነበረ፤ ተከራዩ ገበሬ ነው፣ የሚፈልገውም የእርሻውን ፍሬ ነው፣ በመሬቱ ላይ ያለችውም ጎጆ ብታፈስ ክዳኗን ራሱ ይከድናል፣ አጥሯንም ራሱ ያጥራል፤ ስለዚህ መሬቱ በእጁ እስካለ ድረስ ባለመሬቱ ሌላ ግዴታ የለበትም። የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ በአገራችን የጭሰኛው ሥርዐት እስኪቀር ድረስ እርቦ ወይም ሲሶ የሚከፍለው ገበሬ ባላባቱን «ቤቴን ጠግንልኝ» ብሎ መጠየቅ ቀርቶ በሐሳቡም አላለፈም። በእንግሊዝ አገር ለመካከለኛው ዘመን ጭሰኛ የተቈረጠው ሕግ ግን በአራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለሚኖር፣ መሬት የሚባል ነገር ለሌለው፣ ቦይለሩ ወዳለበት ምድር ቤት ለመግባት እንኳ ቁልፍ ላልተሰጠው ሰው ሳይሻሻል ወርዶ ነበር።

በተከራዮቹ ይግባኝ ላይ ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጄ. ስኬሊ ራይት ናቸው። እኒህ ሰው በ1911 በኒው ኦርሊንስ የተወለዱ፣ በዚያው ከተማ የፌዴራል ዳኛ ሆነው ሳሉ የነጭና የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቀላቀል በማዘዛቸው ከገዛ አገራቸው ሰው ብዙ ጥላቻ የተቀበሉ፣ በ1962 ወደ ዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተዛወሩ ናቸው። በግንቦት 1970 (እ.ኤ.አ.) በተሰጠውና በመጀመሪያዋ ተከራይ ስም «ጃቪንስ» ተብሎ በሚጠራው ፍርድ ላይ ያሰፈሩት ሐሳብ፣ በአጭሩ ሲነገር፣ የዛሬ ተከራይ የሚገዛው መሬት አይደለም የሚል ነው፤ የሚገዛው ሙቀት፣ መብራት፣ የሚሠራ የውሃ ቧንቧ፣ የሚዘጋ በርና መስኮት፣ ንጽሕናና ጥገና ተጠቃልለው በአንድ ዋጋ የሚቀርቡበትን መኖሪያ ነው፤ ስለዚህም ኪራይ እንደ ማናቸውም የንግድ ውል ሁሉ ሁለቱን ወገኖች እኩል ያስራል፣ አንዱ ግዴታውን ባጓደለ መጠን የሌላውም ግዴታ ይጓደላል። ቤቱ ለመኖሪያ ብቁ ይሆናል የሚለውም ተስፋ በውሉ ላይ ባይጻፍ እንኳ በሕግ እንደ ተጻፈ ይቈጠራል። ዳኛው ከ12 ዓመት በኋላ ለአንድ የሕግ መምህር በላኩት ደብዳቤ፣ በዋሽንግተን የሚያዩት የድኾች አኗኗርና የዘመኑ የዜግነት መብት ትግል ሐሳባቸውን እንደ ነካው ሳይሸሽጉ ገልጸዋል፤ ይህንንም አንዳንድ የሕግ ሊቃውንት እንደ ነቀፋ ቢቈጥሩባቸው፣ ይህ ጸሐፊ ግን ዳኛ ዓይን ያለው ሰው መሆኑ የሚያስነቅፍበት ምክንያት አይታየውም።

ጃቪንስ ግን ለተከራዩ «አትክፈል» አላለውም፤ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ፍርዱ ያለው፣ የጓደለው ነገር ስንት እንደሚያወጣ በማስረጃ ተመዝኖ ከኪራዩ ያ ያህል ይነሣል ነው። ፍሪጁ የቆመበት ቤት ጣሪያው አልወደቀም፤ ስለዚህ የወሩ ኪራይ በሙሉ አይቀርም፣ የሚቀነሰው ከፊሉ ነው፤ ያንንም የሚቈርጠው ዳኛ ነው። እስከዚያው ድረስ ብዙ ጊዜ ዳኛው ኪራዩ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በአደራ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ ያስቀመጠ ተከራይም ሐቀኛ መሆኑን በተግባር አሳየ ማለት ነው፣ ገንዘቡን በልቶ የመጣው ግን ስለ ፍሪጁ የሚናገረው ሁሉ እንደ ማመኻኛ ይታይበታል።

በዋሽንግተን ከተማ ደንብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ለነገራችን የሚስማማው ስለ ኤሲ የተደነገገው ነው። ደንቡ አከራይን ኤሲ እንዲያስገባ አያስገድደውም፤ ነገር ግን አስገብቶ ያከራየ እንደ ሆነ፣ ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ ክፍሉን እስከ 78 ዲግሪ ፋራናይት ወይም ከውጪው ሙቀት 15 ዲግሪ ያህል ዝቅ ለማድረግ እንዲችል አድርጎ መጠበቅ አለበት። ያልሰጠውን አይጠየቅም፣ የሰጠው ግን መሥራት አለበት ማለት ነው፤ ይህም ለፍሪጁም፣ ለስቶቩም፣ ለልብስ ማጠቢያውም የሚሆን መንገድ ነው። ከ1976 በፊት በተሠሩትና ኪራያቸው በሕግ በተገደበው ሕንጻዎች ደግሞ፣ አከራዩ ከኪራዩ ጋራ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት፣ ለምሳሌ በምድር ቤት ያለውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ያለ ፈቃድ ቢያስቀር፣ ተከራዮች ኪራዩ እንዲቀነስላቸው ለከተማው የኪራይ ቤቶች ክፍል ማመልከት ይችላሉ። ቋንቋ አላውቅም የሚለውም ሰበብ በዚህች ከተማ ብዙ አያስኬድም፤ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች እንደ አንዱ ስለሚቈጥረው፣ ወደ ሕንጻ ቍጥጥር መሥሪያ ቤትም ሆነ ወደ ተከራዮች ጠበቃ ጽሕፈት ቤት የሄደ ሰው አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው። የሚያሳዝነው ይህን መብት የሚጠይቁት ጥቂቶች መሆናቸው ነው፤ ብዙው ሰው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን አስከትሎ ይሄድና ልጁ «ዋረንቲ ኦፍ ሃቢታቢሊቲ» የሚለውን ቃል፣ ማለት ቤቱ ለመኖሪያ ብቁ ይሆናል የሚለውን ተስፋ፣ ለአባቱ ለመተርጐም ሲጨነቅ ይውላል።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አሌክሳንድርያ የገባ ሰው ፍሪጁ ያው ፍሪጅ ሳለ ሕጉ ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። የቨርጂንያ የአከራይና የተከራይ ሕግ በ1974 የወጣ ሲሆን፣ ስለ ዕቃዎች የሚናገረው አንቀጹ ከዋሽንግተኑ ይልቅ ግልጽ ነው፤ አከራዩ ያቀረባቸውን የኤሌክትሪክ፣ የቧንቧ፣ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና ሌሎችንም የቤት ዕቃዎች፣ አሳንሰሩንም ጭምር፣ በደኅና ሁኔታ እንዲሠሩ አድርጎ እንዲጠብቅ በቃሉ ያዝዘዋል። ሥርዐቱ ግን ጠባብ ነው። ተከራዩ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ አከራዩ ማስታወቂያው ከደረሰው በኋላ 30 ቀን ካለፈ ዘገየ ተብሎ ይገመታል፤ ከዚያም ተከራዩ ለአጠቃላዩ የወረዳ ፍርድ ቤት አቤቱታውን ሲያቀርብ የወሩን ኪራይ በሙሉ፣ መክፈያው ቀን በገባ በ5 ቀን ውስጥ፣ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ማስረከብ አለበት። በስድስተኛው ቀን ገንዘቡን ይዞ የመጣ ሰው የቱንም ያህል ቢበደል በዚያ ወር በዚህ መንገድ ለመሄድ አይችልም። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ሌላ መንገድ ተጨምሯል፤ አከራዩ በጽሑፍ በተነገረው በ14 ቀን ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ተከራዩ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቀጥሮ ያሠራና ወጪውን ከኪራዩ ይቀንሳል፤ ልኩም 1,500 ዶላር ወይም የአንድ ወር ኪራይ፣ ከሁለቱ የበለጠው ነው። እዚህ ላይ «ፈቃድ ያለው» የሚለው ቃል ለእኛ ሰው እንቅፋት ነው፤ እጁ የተባረከ፣ ማናቸውንም ስቶቭ ፈትቶ የሚገጥም፣ ለድካሙም ቡና ብቻ የሚጠጣ ወዳጅ ያላጣ ሰው የለምና፣ በዚህ ወዳጅ ያሠራው ጥገና ግን ከኪራይ ሊቀነስ አይችልም።

በሜሪላንድ በኩል የግዛቱ ሕግ የሚረዳው የተከራዩን ሕይወት፣ ጤናና ደኅንነት በብርቱ የሚያሰጋ ነገር ሲሆን ነው፤ ሙቀት፣ መብራት፣ የሞቀና የቀዘቀዘ ውሃ፣ የፍሳሽ ቧንቧና የእሳት አደጋ በስማቸው ተጠርተዋል፤ የኤሲ አለመኖር ግን ለአቤቱታ እንደማይበቃ ሕጉ ራሱ ተናግሯል። የቆመ የሳሕን ማጠቢያ ይዞ እዚያ ችሎት የገባ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ነገር ግን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ሲልቨር ስፕሪንግን የያዘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ በግዛቱ ሕግ ላይ የራሱን ሕግ ጨምሯል፤ በ2020 ባወጣው ሕግም ብዙዎቹን አከራዮች ኤሲ እንዲያቀርቡና ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 የቤቱ ሙቀት ከ80 ዲግሪ ፋራናይት እንዳይበልጥ እንዲያደርጉ አዝዟል። ካውንቲው አከራይንና ተከራይን ያለ ክፍያ የሚያስታርቅ መሥሪያ ቤትም አለው፤ ጸብ ሳይበረታ ነገሩን ለመጨረስ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል፤ ሽምግልናን ለሚያውቅ ሕዝብ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን አከራዮች በእኛ ሰው ላይ ዘወትር ወደሚያነሡት ክርክር ልለፍ፤ እርሱም የምጣድ ነገር ነው። በሦስቱም ቦታ ተከራዩ ራሱ ያበላሸውን አከራዩ የመጠገን ዕዳ የለበትም፤ ስለዚህ ስቶቩ ወይም የኤሌክትሪኩ መስመር ሲቃጠል «እናንተ በዚያ በትልቁ ምጣድ አቃጠላችሁት» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ነገሩ ግን በሒሳብ የሚታይ ነው። የተለመደው የቤት ሶኬት 120 ቮልት ሲሆን፣ መስመሩ 15 አምፔር ከሆነ የሚሸከመው እስከ 1,800 ዋት ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 1,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በዚያው መስመር ላይ ማይክሮዌቭ ቢጨመር ብሬከሩ ይወድቃል። ብሬከሩ መውደቁ መስመሩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ምጣዱ በሶኬት ተሰክቶ ሳለ ከግድግዳው ማዶ ያለው የስቶቭ ዓይን ተቃጠለ ማለት ግን አያስኬድም፤ የኤሌክትሪክ ስቶቭ በራሱ 240 ቮልት መስመር ላይ ነውና። አሮጌ ጠፍጣፋ ምጣድ በመስታወት ስቶቭ ላይ አኑሮ መስታወቱን የሰነጠቀ ሰው ግን ጥፋቱን ይቀበል፤ ይህን አከራዩ ሊከፍልለት አይገባም። ክርክሩን የሚያቀልለው ቤቱን በተረከቡበት ቀን እያንዳንዱን ዕቃ፣ የስቶቩን አራት ዓይኖች፣ የፍሪጁን ጎማ፣ የኤሲውን ማጣሪያ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ ነው፤ ያ ሥዕል ከሌለ ክርክሩ ሁሉ የአንዱ ቃል በሌላው ቃል ላይ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሥርዐት ወገናችንን ለምን ይከብደዋል ቢባል፣ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ልማድ አንዱ ምክንያት ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራይ ቤቱን በደኅና ሁኔታ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ተከራዩን የሚያስጠይቀው በርና መስኮት፣ ወለልና የውሃ ቧንቧ መክፈቻን በመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ሲሆን፣ እነዚህም ከዕርጅና የተነሣ የተበላሹ እንደ ሆነ ይኸው ጭነት ይወርድለታል። ቃሉ ከማንም አገር ሕግ አያንስም። ነገር ግን በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በተወረሱ ጊዜ የብዙው ከተሜ አከራይ መንግሥት ሆነ፤ ኪራዩም በአዋጅ ዝቅ አለ፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ጣሪያው ባፈሰሰ ቍጥር ማመልከቻ ጽፎ፣ መልስ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ቆርቆሮውን ራሱ ገዝቶ መምታት ልማዱ ሆነ። ኪራዩ ርካሽ ስለ ነበረ ነገሩ ይቻል ነበር። በግል ቤት የተከራየውም ቢሆን «ካልተመቸህ ልቀቅ» እንዳይባል ፈርቶ ቧንቧውንም ማብሪያ ማጥፊያውንም በኪሱ ይጠግናል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ማዘዙ ይህን ፍርሃት ሊያስታግሥ ቢችል፣ ልማድ በአንድ አዋጅ አይለወጥም። ወርኃዊ ኪራዩ 2,000 ዶላር በሆነበት አገር ግን ይህ ትዕግሥት ጽድቅነቱ አይታየኝም፤ አዲስ ፍሪጅ ከዚህ ገንዘብ በታች ይገዛልና።

ሌላው ምክንያት ይሉኝታ ነው፤ ይህም በቤዝመንት ይከፋል። አዲስ መጤ የሆነው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው ከወገኑ ነው፤ ውል የለም፣ ቃል ብቻ ነው፤ ባለቤቶቹም በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረውት ያስቀድሳሉ፣ በመጣበት ሳምንትም ብርድ ልብስ የሰጡት እነርሱ ናቸው። «እትዬ፣ ስቶቩ አንዱ ዓይኑ ብቻ ነው የሚሠራው» ሲላቸው «እሺ የኔ ልጅ፣ ጋሼ ከሥራ ሲመጣ ያየዋል» ይሉታል፤ ጋሼ ግን በሌሊት ታክሲ ነድተው ጧት ስለሚገቡ አያዩትም። እኒህ ባለቤቶች ባለጠጎች አይደሉም፤ የባንኩ ዕዳ አንገታቸው ድረስ ነው፤ ምድር ቤቱንም ያከራዩት ያንን ለመክፈል ነው፤ ይህን መዘንጋት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም የቃል ውልም በሕግ ፊት ውል ነው፤ ቤቱን የማስጠገን መብት በወረቀት አለመኖር አይቀርም። አንድ ነገር ግን ተከራዩ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ በዋሽንግተንም ሆነ በሞንትጎመሪ ለማከራየት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ፈቃድ በሌለው፣ በቂ መውጫ መስኮትም በሌለው ቤዝመንት ውስጥ የሚኖር ሰው ተቈጣጣሪ የጠራ እንደ ሆነ፣ ተቈጣጣሪው ስቶቩን ሊያይ መጥቶ ክፍሉ እንዲዘጋ ሊያዝዝ ይችላል።

የሁሉም ፍርሃት ሥሩ ግን «ብጠይቅ ያስወጡኛል» የሚለው ነው። ይህንንም ነገር አስቀድመው ያዩት ራሳቸው ዳኛ ራይት ናቸው። በ1968 በተሰጠው በኤድዋርድስና በሐቢብ ክርክር፣ ከወር ወር የምትከራይ አንዲት ሴት ስለ ቤቷ ጉድለት ለከተማው ቍጥጥር መሥሪያ ቤት አቤት ብላ ከ40 በላይ ጥሰት ቢገኝ፣ አከራዩ የ30 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ሊያስወጣት ተነሣ፤ ፍርድ ቤቱም አከራይ ያለ ምክንያት ሊያስወጣ ቢችልም ስለ አቤቱታዋ ለመበቀል ብሎ ሊያስወጣት አይችልም ሲል ፈረደ። ዛሬ በዋሽንግተን ሕግ ይህ ሐሳብ ጠንክሮ፣ ተከራይ ጥገና በጠየቀ በ6 ወር ውስጥ አከራዩ ኪራይ ቢጨምርበት ወይም ሊያስወጣው ቢሞክር በቂም እንዳደረገው ይገመታል፤ ግምቱን በግልጽ ማስረጃ ማፍረስ የአከራዩ ሸክም ነው። በቨርጂንያም በቀል ክልክል ነው፤ ግን እዚያ የማስረዳቱ ሸክም በተከራዩ ላይ ያርፋል፤ ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ክርክር የሚሸነፍበትና የሚረታበት በዚህ ነው።

የዋሽንግተን ሕግ ለዚህ ግምት የሚጠይቀው የጽሑፍ ጥያቄን ወይም ምስክር ባለበት የተነገረ ቃልን ነው። እማኝ ሳይቈጥር በሬ የማይሸጥ ሕዝብ ልጅ ይህን ሥርዐት ከማንም ቀድሞ ሊገባው በተገባ ነበር። እትዬን በደብዳቤ ማነጋገር ነውር የሚመስለው ወጣት ስለ ስቶቩ ሊነግራቸው ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ወዳጁን ይዞ ይውጣ፤ ማታም «እትዬ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለ ስቶቩ እንደ ተነጋገርነው ጋሼን ያስታውሱልኝ» ብሎ በስልክ ይጻፍላቸው፤ በዚህ ክብራቸው አይነካም፣ ቀኑ ግን ተመዝግቦ ይቀራል። በወንዙ ማዶ ያለው ደግሞ፣ ውሉ የስልክ መልእክትን ካልፈቀደ ይህ ብቻውን ላይበቃው ስለሚችል፣ ያንኑ ቃል በወረቀት አስፍሮ፣ ግልባጩን ለራሱ አስቀርቶ፣ ደብዳቤውን በሪኮማንዴ ይላከው፤ የፖስታ ቤቱንም ደረሰኝ ከኪራይ ደረሰኞቹ ጋራ ያኑረው።